«ዘገባ» የሚለውን ቃል መቼ እንጠቀም? በከተማው ዳር ላሉ የሰፈር ቻናሎችና የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በየካ አባዶ፣ በአያት፣ በጀሞ ወይም በአቃቂ አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጠዋት «ዘገባ፦ ውሃ ለ15 ቀን ይጠፋል፤ ሼር አድርጉ» የሚል መልእክት ይወጣል እንበል። እስከ ምሳ ሰዓት ሮቶ የሌለው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ማን እንደተናገረ፣ የትኛውን ብሎክ እንደሚመለከት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ መልእክቱ ውስጥ የለም። ይዘቱ ወሬ ነው። ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ቃል ግን «ዘገባ» ነው፤ ሰውን ያሰለፈውም ይኸው ቃል ነው።

ይህን የምንጽፈው የሰፈር ቻናል ለሚመሩ፣ በነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ መረጃ ለሚያሰራጩ፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና ለሚያነቡ ነው። ቃሉ ምን እንደሚጠይቅ ካወቃችሁ መቼ እንደምትጽፉት፣ መቼ ደግሞ ትታችሁት «ሰምተናል፤ እያጣራን ነው» ማለት እንደሚሻል አትቸገሩም።

የቃሉ ሥር

«ዘገበ» በግእዝ ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው። «መዝገብ»ም መጀመሪያ የተከማቸ ሀብት፣ የሀብት ማስቀመጫ ነበር። በአማርኛው ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 19 «በምድር ላይ ለእናንተ መዝገብ አትሰብስቡ» የሚለው ስለ ደብተር ሳይሆን ስለ ሀብት ነው። «መዝገበ ቃላት»ም የቃላት ጎተራ ማለት ነው። ኋላ መዝገብ የሚጻፍበት ደብተር ሆነ፤ ዛሬ በፍርድ ቤትና በቀበሌ የምናውቀው መዝገብ ቤት ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ዘገባ ከሥሩ የተሰበሰበና የተቀመጠ ነገር ነው። አንድን ጽሑፍ ዘገባ ብላችሁ ከጠራችሁ አንባቢ «ጎተራውን ክፈቱልኝ» የማለት መብት አለው። ምን ሰበሰባችሁ? ከማን? የት አስቀመጣችሁት? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የምታሳዩት ማስታወሻ፣ ድምፅ ወይም ፎቶ ከሌለ ቃሉን አትጠቀሙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚቀዳ ነው።

የአጻጻፍ ስሕተቶች

«ዘገበ» እና «መዘገበ» ዘመዳሞች ስለሆኑ በጽሑፍ በጣም ይምታታሉ። ዜና ማቅረብ «መዘገብ» ነው፤ ስምን ወይም ንብረትን መዝገብ ላይ ማስፈር «መመዝገብ» ነው። አንዷ «መ» ትርጉሙን ትለውጠዋለች። «ጋዜጠኛው ስብሰባውን መዝግቧል» ከተባለ ቃለ ጉባኤ ያዘ ወይም ቀዳ እንጂ ለሕዝብ አቀረበ ማለት አይሆንም፤ «ዘግቧል» ነው የሚባለው። «በሰፈሩ አምስት ስርቆት ተዘገበ» እና «አምስት ስርቆት ተመዘገበ» ም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በዜና ቀረበ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። በዜና ያልወጡ፣ መዝገብ ላይ ግን ያሉ ብዙ አቤቱታዎች ስላሉ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለ አሠራሩ ስትጽፉም ለዜናው «አዘጋገብ»፣ ለመዝገቡ «አመዘጋገብ» በሉ።

ጎረቤት ቃላት

«ዜና» አዲስ የሆነ ነገር ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም ዜና ይሆናል። ዘገባ ግን የዜናው ሥራ ነው፤ ዘጋቢው ሄዶ፣ ጠይቆ፣ አይቶ ያጠናቀረው። ስለዚህ «ነገ ትምህርት የለም» ዜና ነው፤ ለምን እንደሌለ፣ ማን እንደወሰነ፣ የፈተናው ቀን ምን እንደሚሆን ተጠይቆ ሲጻፍ ዘገባ ይሆናል። «ሪፖርት» የምንለው ሠራተኛ ለአለቃው፣ ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበውን ነው። ዕድር ገንዘብ ያዡ ያቀረበውን የሂሳብ ሪፖርት «የዕድሩ ዘገባ» ብሎ መለጠፍ ልክ አይደለም፤ ባለ ጉዳዩ ስለ ራሱ ያቀረበው ነውና። በሪፖርቱ ላይ አባላት ያነሱትን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ ጨምራችሁ ከጻፋችሁ ያ ዘገባ ነው። «ሐተታ» ሲሰፋና ሲብራራ ነው፤ «ትንታኔ» ለምን እንደሆነ የሚመረምር ነው፤ «ርዕሰ አንቀጽ» የአዘጋጁ አቋም ነው። «ማስታወቂያ» ደግሞ የባለቤቱ ቃል ነው። ወረዳው የላከውን ማስታወቂያ እንዳለ ስትለጥፉ ከላዩ «ማስታወቂያ» በሉት እንጂ ዘገባ አትበሉት።

«ወሬ» በድሮ አማርኛ ነውር ያለበት ቃል አልነበረም። «ወሬ ነጋሪ አልተረፈም» ሲባል ወሬ ነጋሪ ያየውን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ዛሬ ቃሉ ስለቀለለ ሰው ሁሉ ሸሽቶ «ዘገባ» ወይም «መረጃ» ብሎ ይጽፋል። ያልተጣራን ነገር «ወሬ» ብሎ በስሙ መጥራት ለአንባቢ ትልቅ ውለታ ነው፤ «ይህ እስካሁን ወሬ ነው» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

«ሽፋን ሰጠ» የሚለው ከሌላ ቋንቋ ተገልብጦ የገባ ነው። በዜና ቤት ተለምዷል፤ ነገር ግን በአማርኛ መሸፈን መደበቅም ስለሆነ «ለሙስናው ሽፋን ሰጠ» ሲባል አጋለጠ ይሁን ከለለ አይታወቅም። «ዘገበ» ማለት ከቻላችሁ እሱን በሉ።

ማን ይዘግባል?

«የወረዳው ኃላፊ ውሃው ነገ እንደሚመጣ ዘገቡ» ትልቅ ስሕተት ነው። ኃላፊ አይዘግብም። ኃላፊ ይናገራል፣ ያስታውቃል፤ የሚዘግበው የሰማው ሰው ነው። ይህን ካደባለቃችሁ የባለ ጉዳዩ ቃል የተጣራ መስሎ ይወጣል።

የሰውን ቃል ስታቀርቡ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ፍርድ ይዞ እንደሚመጣ አስተውሉ። «አለ» እና «ተናገረ» ንጹሕ ናቸው፤ ከተጠራጠራችሁ እነሱን ያዙ። «ገለጸ» በየዜናው ይደጋገማል፤ ሥሩ ግን ተሸፍኖ የነበረን መክፈት ስለሆነ የተባለው እውነት ነው የሚል ሽታ አለው። አከራካሪ በሆነ ጉዳይ አንዱን ወገን «ገለጸ» ሌላውን «አለ» ካላችሁ ሳታውቁት ለአንዱ ፈርዳችኋል። «አስታወቀ» ለመሥሪያ ቤት ይስማማል፤ በደብዳቤ ወይም በመግለጫ ላወጣው። «ጠቆመ» እና «አመለከተ» ነገሩ እዚያ መኖሩን ተቀብላችሁ ጣቱን ወደዚያ እንደቀሰረ ያስመስላሉ። «አረጋገጠ» የሚባለው ማስረጃ አሳይቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ በስልክ «አዎ» ያለ ሰው አላረጋገጠም። «አመነ» ጥፋትን ለተቀበለ ሰው ነው፤ የዘበኞች ተቆጣጣሪ «ያን ዕለት ማታ ተረኛ ነበርኩ» ስላለ «አመነ» ብትሉ ተጠርጣሪ አድርጋችሁታል። «በመግለጫቸው» የሚለውም መግለጫ ከተሰጠ ብቻ ነው፤ በር ላይ አግኝታችሁ ከጠየቃችሁት «በር ላይ ለጠየቅናቸው» በሉ።

የአንቱታው ነገርም አለ። በአማርኛ «አሉ» ብዙ ሰዎችም አንድ የተከበሩ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ። «የብሎኩ ነዋሪ አሉ» ብሎ መተው ስንት ሰው እንደተናገረ ይሸፍናል። «አንዲት ነዋሪ» ወይም «ያነጋገርናቸው አራት ነዋሪዎች» በሉና ቁጥሩን አስገቡ። ሌላም አለ፤ ትናንት «አቶ» ብላችሁ በአንቱታ የጻፋችሁለትን ሰው ፖሊስ ሲይዘው ወደ «እሱ» ማውረድ ከፍርድ ቤት በፊት መፍረድ ነው። ክስ እስኪመሠረት «ተጠርጣሪ»፣ ከተመሠረተ በኋላ «ተከሳሽ»፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለው በኋላ ብቻ «ጥፋተኛ» ይባላል፤ አንቱታውን ግን እንደ ጀመራችሁት ያዙ። የሕፃናትን ስም፣ ትምህርት ቤትና የቤት ቁጥር በፍጹም አትጻፉ። በኮንዶሚኒየም ብሎክና ፎቅ መጻፍ ብቻውን ሕፃኑን ያሳውቃል።

«ተዘግቧል» እና «ተብሏል»

ባለቤት የሌለው ግሥ የሰነፍ ዘጋቢ መደበቂያ ነው። «በአካባቢው ስርቆት መበራከቱ ተዘግቧል» ሲባል ማን ዘገበው? ሌላ ጣቢያ ወይም ጋዜጣ ከሆነ ስሙን ጻፉ፤ «ሲል እገሌ ዘግቧል» በሉ። ራሳችሁ ከሆናችሁ «ዘግበናል» በሉ፤ መቼ እንደሆነም ጨምሩ። የቴሌግራም አስተያየት ከሆነ አልተዘገበም፤ ተጽፏል እንጂ። «ተብሏል» ልክ የሚሆነው ቀጥሎ ባለው ዓረፍተ ነገር ተናጋሪው የሚታወቅ ከሆነ ነው። ስሙ እንዳይገለጽ የጠየቀ ሰው ካለም ስሙን ደብቃችሁ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ጻፉ፤ «በጥገናው ላይ የነበረ ሠራተኛ» በቂ ነው። አንባቢ የሚመዝነው በዚህ ነው።

ከወሬ ወደ ዘገባ፤ የውሃው ምሳሌ

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳነው መልእክት እንመለስ። ብሎኮቹና ሰዓቶቹ ለማሳያ የተሰጡ ናቸው።

መጀመሪያ የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ፤ ከጎኑ ከማን እንደሰማችሁና ሰዓቱን። «ውሃ ይጠፋል» እና «ውሃ በፈረቃ ይሆናል» የተለያዩ ናቸው፤ ከሦስት አፍ በኋላ ግን አንዱ ሌላውን ይሆናል። ቀጥሎ «አንተስ ከማን ሰማህ?» እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ያየው ወይም የወሰነው ሰው ጋ እስክትደርሱ አታቁሙ። «ሁሉም ሰው እየተናገረ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይነግራችሁም። አሥር ሰው ከአንድ ዘበኛ ከሰማ ያላችሁ አንድ ምንጭ ነው።

ከዚያ በዓይናችሁ እዩ። ጂ+4 ሕንፃ ከሆነ ምድር ቤት፣ መካከል ፎቅና ላይኛው ፎቅ ቧንቧ ክፈቱ። ከታች እየፈሰሰ ከላይ ከሌለ ግፊት አንሷል ወይም የሕንፃው ፓምፕ አይሠራም፤ መስመሩ አልተዘጋም። ከታችም ከሌለ ጎረቤት ብሎክ ሂዱ፤ እዚያ ካለ ችግሩ የብሎኩ መክፈቻ ወይም የውስጥ ቧንቧ ነው። የሳይቱ ሁሉ ከደረቀ ዋና መስመር ወይም የመብራት መቋረጥ ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ታገኛለች፤ ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ውሃ ደግሞ መብራት ሲሄድ ይቆማል። ስለዚህ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ መጠየቅ የዘገባው ግማሽ ነው። ብዙዎች ይህን ትተው በቀጥታ ቢሮ ይደውሉና «እናጣራለን» በሚል መልስ ይመለሳሉ። አይታችሁ ከሄዳችሁ ግን «ከብሎክ 10 እስከ 16 የለም፣ ብሎክ 17 ላይ ግን አለ፤ ለምን?» ብላችሁ ስለምትጠይቁ መልስ ሰጪው ሊያድበሰብስ አይችልም።

ለውሃው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ስትደውሉ ለሕዝብ እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ድምፅ የምትቀዱ ከሆነም ንገሩ። ምን ተበላሸ? የት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? እስከ መቼ? ቦቴ ይመጣል ወይ፣ የት ይቆማል? የተናጋሪውን ስምና ኃላፊነት ጠይቁ። መልስ ካጣችሁም ያጣችሁበትን ጻፉ፤ «ሰኞ ረፋድ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ደውለን ስልኩ አልተነሳም»። «ኃላፊዎቹ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚባለው ጠይቃችሁት እምቢ ካሉ ብቻ ነው፤ ስልክ አለመነሳት እምቢታ አይደለም።

አሁን እንዲህ ይጻፋል፦ «በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከብሎክ 10 እስከ 16 ባሉ ሕንፃዎች ከእሑድ ጥቅምት 10 ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ የቧንቧ ውሃ ተቋርጧል። የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ የጥገና ኃላፊ ዋናው መስመር መሰበሩንና ጥገናው እስከ ማክሰኞ ማታ እንደሚያልቅ ተናግረዋል። ውሃው ለ15 ቀን ይጠፋል የሚለውን ጠይቀናቸው ‹አላልንም› ብለዋል። ዘጋቢያችን ሰኞ ጠዋት በሦስት ብሎኮች ቧንቧ ከፍቶ አይቷል፤ በብሎክ 17 ውሃ ነበር።» ይህን ዘገባ በሉት፤ ጎተራው ሲከፈት ውስጡ አለና።

ርዕሱ ላይ አንድ አደጋ አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ውሃ ለ15 ቀን ይጠፋል የተባለው ሐሰት መሆኑን ጽሕፈት ቤቱ አስታወቀ» ብላችሁ ብትጽፉ በስልክ ስክሪን ላይ ብቅ የሚለው «ውሃ ለ15 ቀን ይጠፋል የተባለ…» ብቻ ነው። ያስተባበላችሁት ወሬ በእናንተው ስም እንደገና ይሰራጫል። ማስተባበያውን አስቀድሙ፦ «ሐሰት ነው፤ ውሃ ለ15 ቀን አይጠፋም»። ዓረፍተ ነገሮቹንም አሳጥሩ፤ ተናጋሪውን መጀመሪያ፣ ግሡን በቅርብ ርቀት አድርጉት። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እስከ ግሡ ድረስ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሁለት ክፈሉት። በሚኒ ሚዲያ ለሚነበብ ጽሑፍ ይህ ግዴታ ነው፤ ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነብ አይችልምና። የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ የጀመረው በዚሁ በከተማው ዳር፣ በ1920ዎቹ ማብቂያ አቃቂ ላይ በቆመው ጣቢያ ነው፤ ለጆሮ መጻፍ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ሰዓት፣ ቀንና የቦታ ስም

«ትናንት» እና «ዛሬ» አትጻፉ፤ መልእክቱ ከሦስት ቀን በኋላ ሲተላለፍ ሰውን ያሳስታል። ቀኑን ከነወሩ አስገቡ። ሰዓት ስትጽፉ ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚለውን አትርሱ። በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ ሰዓት ወደ እኛ ስትመልሱ የ6 ሰዓት ልዩነቱን አስሉ፤ የስልካችሁ 8 ሰዓት ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት ነው። ሌሊት የሆነ ነገር በጣም ያምታታል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ያላችሁትን አንዱ ለሰኞ የነጋበት ሌሊት፣ ሌላው ሰኞ መሽቶ ለማክሰኞ የነጋበት ይለዋል። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ካላችሁ ጥርጥር የለም።

በከተማው ዳር የቦታ ስም ብቻ አይበቃም። የካ ጣፎና ለገጣፎ በአፍ ሁለቱም «ጣፎ» ይባላሉ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አሏት፤ በዙሪያዋ ሸገር ከተማ ተመሥርቷል። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የወሰን ማካለል ውሳኔ ከተነገረ ወዲህም የአንዳንድ ሰፈር አስተዳደር ተለውጧል። የተሳሳተ ወረዳ ብትጠይቁ «አናውቅም» ይላችኋል፤ እናንተም «ወረዳው አላውቅም አለ» ብላችሁ ያላጠፋውን ትወቅሳላችሁ። ስለዚህ ከተማውን፣ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን መጀመሪያ አጣሩ፤ በዘገባውም ጻፉ።

ስትሳሳቱ

የተሳሳተውን ጽሑፍ በዝምታ አታጥፉት፤ የተላለፈው በሌሎች ስልክ ላይ ይቀራልና። ጽሑፉን አርሙ፤ ከላዩ «እርማት» ብላችሁ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ፣ የታረመበትንም ሰዓት ጻፉ። ከዚያ እርማቱን ለብቻው እንደ አዲስ መልእክት ላኩት፤ የቀድሞውን ያነበበ ሰው የታረመውን ለማየት ወደ ላይ አይመለስምና። «በቴክኒክ ችግር» አትበሉ። «ከብሎክ 10 እስከ 19 ያልነው ከብሎክ 10 እስከ 16 በሚል ይታረም» በቂ ነው።

ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው፣ ሁከት ወይም ጥቃት ሊያስነሳ የሚችል መረጃ የሚያሰራጭን ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ ወይም መቀጮው እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። አንድ ትልቅ ሳይት ያለው የሰፈር ቻናል ይህን ቁጥር ማለፉ ብርቅ አይደለም። «ማወቅ ነበረብህ» ሲባል የሚያድናችሁ ማስታወሻ ደብተራችሁ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳላችሁ የጻፋችሁበት። ገጹን አትቅደዱት፤ ቅጂውን ድምፅ ከቀዳችሁበት ስልክ ውጪ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ የፋይሉን ስም በቀንና በቦታ ሰይሙ፦ «10-02-የካ አባዶ-ውሃ»።